ለረጅም መንገድ የሞተር ጎማ ስንት ንፋስ ይሞላ?

ጥያቄ፦ ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ሞተር ሳይክል አለኝ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሰው ከኋላ ጭኜ፣ ሻንጣም ይዤ ልሄድ ነው። ጎሚስታው ለበረሃው ሙቀት ንፋሱን ቀነስ እናድርገው አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትሰማው! ንፋስ የጎደለው ጎማ ጭነት ሲበዛበት እየተጣጠፈ ይብስ ይግላል፣ ኩርባ ላይም ይዋልላል። ለዚህ ሞተር በሙሉ ጭነት ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለካ። ደጀን ስትደርስ ጨምሮ ብታገኘው ከሙቀቱ ነው፣ እንዳታስተነፍሰው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ጥርሱ ትላልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ አያስፈልግህም። ደግሞ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን 4 አሃዞች እያቸው፤ 2314 ካለ በፈረንጆቹ 2014፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ባረጀ ጎማ፣ ጥርሱ ባይበላም፣ እኔ ዓባይ በረሃን አልወርድም።