ድንች ልታመርቱ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ድንች በሦስት አራት ወር ይደርሳል ሲባል ሰምታችሁ ልባችሁ እንደተነሳ ይገባኛል። እውነት ነው፣ ይደርሳል። ግን ትርፉም ኪሳራውም በአብዛኛው የሚወሰነው ማሳው ለምልሞ ፎቶ በምታነሱበት ሰሞን አይደለም። ከመትከላችሁ በፊትና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው።

ከዘሩ ልጀምር። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ወጪም እሱ ነው፤ ስለዚህ እጅ ያሳጥራል። ከመብል የተረፈውን ትንንሽ ድንች ለቅሞ መትከል ርካሽ ይመስላል። አንዳንዱ ግን ትንሽ የሆነው እናት ተክሉ ቫይረስ ስላለባት ነው። ከታወቀ ዘር አባዢ ግዙ። የእንቁላል መጠን ያለው፣ አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ያወጣ ይሁን። ጨለማ ውስጥ የከረመ ዘር ረጅምና ነጭ ጉንቁል ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡት።

መሬቱ በቅርብ ዓመታት ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ አብቅሎ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። አጠውልግ በሽታ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ መድኃኒትም የለውም።

አተካከሉ ቀላል ነው፦ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር። አፈር ማስታቀፉ፣ ማለትም ተክሉ ሥር አፈር መከመሩ ላይ ግን አትስነፉ። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ለጤናም አይሆንም። ብርድና እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ይመጣል። ማሳ ሙሉ ቅጠል በቀናት ውስጥ ያጠቁራል። ፀረ ፈንገሱ የሚረጨው ሳይገባ ለመከላከል ነው፤ ከተስፋፋ በኋላ ብዙም አይረዳ።

አሁን ወደ መጨረሻው። ዋጋ ሲወጣ ደላላው መደወል ይጀምራል፣ «ዛሬ ቆፍሩ» ይላችኋል። አትቸኩሉ። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ። አንዱን አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት፤ ልጣጩ ከተነሳ ገና ነው። እንዲህ ያለው ጆንያ ውስጥ ይላጣል፣ መንገድ ላይ መበስበስ ይጀምራል። ደላላው ያኔ ስልክ አያነሳም!

ገዢ ፍለጋውንም ከመትከላችሁ በፊት ጀምሩ። ችፕስ የሚያመርት ፋብሪካ ውሃው ያነሰ ዝርያ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በዘር ምርጫ ነው የሚወሰነው። ለመጥበሻ የሚሆነውን በጣም ቀዝቃዛ መጋዘን አታስገቡት፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ይጠቁራል። ዝርያውን፣ መጠኑንና የመረካከቢያውን ጊዜ ከገዢው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ።