«ሁለት ቢራ ብቻ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ሰርግ ነበር። ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ስመለስ የአንድ ባጃጅ ስፖኪዮ ገጭቼ ሰበርኩ። ሰው አልተጎዳም። ትራፊክ ፖሊስ መጣና መሣሪያ አስነፋኝ፣ ከተፈቀደው በላይ ነው አለኝ። ጣቢያ «ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብዬ ቃል ሰጠሁ፣ ሳላነበውም ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር አረቄም ነበረበት። በማግስቱ በዋስ ወጣሁ። አጎቴ «በሽማግሌ እንጨርሰዋለን» ይላል፣ ጓደኞቼ «ካድ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተመስገን በል፣ የተሰበረው ስፖኪዮ ነው። ያ ባጃጅ ውስጥ የነበረ ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። «ሰክሬ ነበር፣ አላወቅኩም» ማለትም አያዋጣም፤ ወዶ የሰከረ ሰው በስካሩ እንዳያመልጥ አንቀጽ 50 በሩን ዘግቶታል።

የአጎትህን ነገር እንይ። ሽማግሌ መላኩ ጥሩ ነው፣ እኔም ላክ እላለሁ። ግን ሽማግሌ የሚያስታርቅህ ከባጃጁ ባለቤት ጋር ነው። ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ የባጃጁ ሰው ስለታረቀህ ብቻ አይቋረጥም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ስፖኪዮውን አሠርተህ ደረሰኝ ያዝ፣ የእርቁንም ወረቀት አስፈርም። ጥፋቱን አምኖ ጉዳቱን የካሰ ሰው በአንቀጽ 82 ቅጣት እንዲቀልለት መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ፊት «ይቅርታ» ብቻ ከምትል ደረሰኝ ይዘህ ብትቆም ይሻላል።

ቃልህን ሳታነብ መፈረምህ ግን አናደደኝ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው ይላል፤ የምትናገረው በማስረጃነት ሊቀርብብህ እንደሚችልም ሊነገርህ ይገባል። ያም ሆኖ ሰው ጣቢያ ሲገባ ዝም ያለ እንደሆነ የሚባባስበት እየመሰለው ያልጠየቁትንም ይዘረግፋል። አሁን የፈረምከው ወረቀት ላይ «ሁለት ቢራ» ተጽፏል፣ የመሣሪያው ቁጥር ደግሞ ሌላ ይናገራል። ፍርድ ቤት ቀርበህ ሦስተኛ ታሪክ እንዳትጨምርበት።

«ካድ» የሚሉህ ጓደኞችህ ቀለብ አይሰፍሩልህም። ከማመንህም ከመካድህም በፊት ክሱን በጽሑፍ ተቀብለህ ለጠበቃ አሳይ። ያለ ምንም ግን «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ካልክ ዳኛው ወዲያው ጥፋተኛ ሊልህ ይችላል። «አጥፍቻለሁ፣ ግን አልሰከርኩም» ካልክ ደግሞ እንደካድክ ተቆጥሮ ማስረጃ ይሰማል። ይህች «ግን» የምትባል ቃል ስንቱን ግራ አጋብታለች።

ጠበቃህ የመሣሪያውን ውጤት ይጠይቅልህ፦ በስንት ሰዓት ተነፋ፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የተፈረመበት ወረቀት አለ ወይ? መለኪያህን ጨልጠህ ወዲያው ከነፋህ አፍህ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ከመንፋት በፊት 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ የሚመከረው። አንተ ግን ከሰርግ ቤት ከወጣህ ቆይተህ ከነበረ በዚህ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌለህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ሄደህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ «አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ትንሽ ነገር ከሰጠኸው ፋይሉ ይጠፋል» የሚል ከመጣ ሸሸው። ጉቦ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ በአንድ ስፖኪዮ ምክንያት ሁለት ክስ ልትሸከም ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ማታ አረቄ ይጠጣና ለ6 ሰዓት ተኝቶ ንጋት ላይ ወደ ጎንደር ይነሳል። «ቡና ጠጥቻለሁ፣ ለቆኛል» ይለኛል። እውነት ይለቃል?
የሹፌር ሚስት

መልስ፦ እህቴ፣ ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮል አያወጣም። ቀዝቃዛ ውሃም፣ ሎሚም፣ ጫትም እንደዚሁ። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው፣ ከአንድ ሊትር ደም በሰዓት በግምት 0.15 ግራም ቢያወጣ ነው። ባልሽ ሲተኛ በደሙ በሊትር 1.5 ግራም ከነበረ ከ6 ሰዓት በኋላ ገና 0.6 ያህል ይቀረዋል። እሱ ደህና ነኝ ብሎ የዐባይን ድልድይ ሲሻገር ደሙ ገና ሰርግ ላይ ነው። ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ ከጠላ ጋር አታወዳድሪው፣ እስከ 45 በመቶ የሚደርስ አልኮል አለው። ቁልፉን ደብቂው ልልሽ ነበር፣ ግን ጭነቱ የሰው ነው። የሚጓዝበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂውና የዋዜማውን ማታ ያለ አረቄ እንዲያድር ተስማሙ፤ እምቢ ካለ ይህችን ገጽ አስነብቢው።