ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት፦ የቲቪና የኢንተርኔት ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አባወራ የ10 ሜጋ መስመር አስገብተዋል። ቀን ደህና ነው፤ ማታ ግን ቲቪው ይቆምና ክቡ ብቻ ይሽከረከራል። ልጆቹ «ወደ 20 ሜጋ እናሳድገው» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ «ላሳድገው ወይ?» ብለው ጠየቁን።

አያሳድጉት፤ መጀመሪያ ይለኩት። ለጥሩ የኤችዲ ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃል፤ 15ና ከዚያ በላይ የሚፈልገው ከኤችዲ የጠራው ፎርኬ (4K) ነው። ስለዚህ 10 ሜጋው ቲቪው ጋ ከደረሰ ይተርፋል እንጂ አያንስም። መጣራት ያለበት መድረሱ ነው።

ቲቪው በሚቆምበት ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ማታ 2 ሰዓት፣ ላፕቶፕ በላን ኬብል (በኢንተርኔት ገመድ) ራውተሩ ላይ ሰክተው ፍጥነቱን ይለኩ። በዚያ ጊዜ የቤቱ ስልክ ሁሉ ከዋይፋይ ይውጣ። ቀጥሎ አንድ ስልክ ይዘው ቲቪው አጠገብ ቆመው በዋይፋይ ይለኩ። ራውተሩ ጋ 9 ሆኖ ቲቪው ጋ 2 ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ 20 ሜጋ ቢገዙም ቲቪው ጋ የሚደርሰው ያው 2 ነው። ራውተሩም ጋ 2 ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ይድገሙት። ቀን 9፣ ማታ 2 የሚል መስመር የሰፈሩ ሰው ሲጋራው የሚጨናነቅ ነውና ፓኬጅ ማሳደግ ላይፈታው ይችላል። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ጽፈው ለአቅራቢው ያመልክቱ። «ኔት አይሰራም» የሚል አቤቱታ ቶሎ ይዘጋል፤ በቁጥር የቀረበን መዝጋት ይከብዳል።

ምስሉ በየጥቂት ሰከንዱ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ቲቪው ቁራጮቹን አስቀድሞ ያጠራቅማል። እንደ ጣሪያ ላይ ሮቶ ነው፦ ከሚገባው የሚወጣው ሲበልጥ ባዶ ይሆናል፣ ክቡም ያኔ ይመጣል። የሚገባውን ቤት ውስጥ የሚያጓድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ራውተሩን ቲቪው ጀርባ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቅ ነው። ሁለተኛው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር መጋፋት ነው፤ እዚያ የማይደራረቡት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ከሦስቱ ባዶ የሆነውን ይምረጡ። ቲቪው ቅርብ ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይቀይሩት። ሦስተኛው የልጆቹ ስልክ ነው፤ ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምርና መስመሩን ይይዘዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቲቪውን በላን ኬብል ማገናኘት ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሰራል፤ ሲገዙ ሙሉ መዳብ ይጠይቁ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሲታጠፍ ይሰበራል።

ከሐረር ጀጎል የጻፈች እህት፦ ራውተሩ ምድር ቤት፣ ቲቪው ላይኛው ክፍል፤ ግድግዳውን ልብሳው?

አትብሺው! ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ሳያየው መሰርሰሪያ እንዳይነካው። ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋይን አያሳልፍም። ኬብሉን በደረጃውና በበሩ ጠርዝ አሳልፊው። ርካሹ የዋይፋይ ማራዘሚያ ተቀብሎ መልሶ በዚያው ሞገድ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ቲቪ ቦክሱ «ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ስልኬ ግን ይሰራል፤ ቀኑን እንኳ አስተካክያለሁ ያልከው ወንድም፦

ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተኸው ይሆናል። ቦክሱ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፊኬት «ገና ያልጸና» ብሎ ይጥለዋል። ቀኑን «አውቶማቲክ» አድርገው፤ በሰዓት ዞን ዝርዝሩ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ምረጥ።

ጎል ሲገባ ጎረቤት ቀድሞ ይጮሃል፣ ለምን?

እሱ በዲሽ ያያል። በኢንተርኔት ቁራጮቹ እስኪዘጋጁና እስኪጠራቀሙ ግማሽ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ፈጣን መስመር ይህን አያጠፋውም።

በስልክ ዳታ ላይ ኤችዲ ባይ ስንት ይበላል?

በ5 ሜጋቢት ሂሳብ፣ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት።

በሺህ የሚቆጠር ቻናል አለው የተባለ ርካሽ ቦክስ ልግዛ?

አይግዙ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ከፋብሪካ ጀምሮ ቫይረስ ስላለባቸው እንዲህ ያሉ ቦክሶች አስጠንቅቋል። ቦክሶቹ የቤትዎን መስመር ለሌላ ሰው ወንጀል ያውሉታል።

የፋይበሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ገመዱን ነቅዬ ላጽዳው?

በፍጹም። ቀዩ መብራት፣ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ በር ሥር ተጣብቆ ወይም ተጣጥፎ እንደሆነ ይዩና ያላሉት፤ ካልጠፋ ቴክኒሻን ይጥሩ። ጫፉን በጣት አይንኩ፣ ወደ ዓይንም አያስጠጉ፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ከሰዓት በኋላ ቦክሱ ራሱን ያጠፋል (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የመጣ ጥያቄ)፦

ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ላለ አየር ነው፤ ቲቪ ጀርባ ያለው አየር በድሬ ግንቦት ይህን ያልፋል። አውጥተው ክፍት ቦታ ያስቀምጡት፣ ራውተሩ ላይ ግን አይደርቡት። እንደዚያም ከጠፋ አዳፕተሩ ደክሞ ይሆናል፤ ሲቀይሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።