ቤት ለማስቀጠል ላሰቡት ጠያቂያችን፦ ጭንቀትዎን ለመጋጠሚያው ያቆዩት

ጠያቂያችን ከቤታቸው ጎን አንድ ሰፊ ክፍል ሊያስቀጥሉ ነው። ተቋራጩ ከጠቅላላው ዋጋ ግማሹን በቅድሚያ ጠይቋቸዋል። ሥራው እየተሠራ ቤተሰባቸው ከቤቱ ሳይወጣ መኖር ይችል እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ታማኝ ግንበኛ ፈልጉ» የሚል ነው። ታማኝነትን ማን ይጠላል? እኔ ቤቴን ሳስቀጥል ግን ሠራተኞቹ ታማኞች ነበሩ፤ ያም ሆኖ በየጊዜው ተጋጭተናል። ያጋጨን አስቀድሞ ሳይወሰን የቀረው ነገር ሁሉ ነው። እኛ ያልወሰንነውን ማንኪያ የያዘው ግንበኛ ለእሱ በቀለለው መንገድ ወስኖ ይጠብቀናል፤ አይፈረድበትም።

ከገንዘቡ በፊት ስለ መጋጠሚያው ልናገር። አዲስ ቤት ባዶ ቦታ ላይ ይጀመራል፤ ማስፋፊያ ግን ከነጉድለቱ ቆሞ ከሚጠብቅ ቤት ጋር ይጋጠማል። ነባሩ ቤት አፈሩን ተጭኖ መስመጥ ያለበትን ያህል ሰምጧል፤ አዲሱ ክፍል ገና ሊሰምጥ ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይሰምጡ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ይወጣል፤ ልስንና ቀለም ቢደራርቡበትም ተመልሶ ብቅ ይላል። ስለዚህ አዲሱ ግድግዳ ከነባሩ ጋር በብረት ይታሰራል ወይስ በመካከላቸው በሚለጠጥ ነገር የሚሞላ ክፍተት ይተዋል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ አለበት። መልሱ በአፈሩ ዓይነት፣ በነባሩ መሠረት ጥልቀትና በአዲሱ ክፍል ክብደት ላይ የተመሠረተ ነውና የመዋቅር መሐንዲስ ይወስነው። የእኔ ግንበኛ «እንደ ሁልጊዜው እናስረዋለን» ብሎ ነበር። መሐንዲሱ ከነባሩ ግድግዳ ሥር ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍሮ መሠረቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ካየ በኋላ ክፍተት እንዲተው አዘዘ። ለመሐንዲስ የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙ ሰው ብክነት ይመስለዋል፤ በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ያለ ቅሬታ የከፈልሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

ቁፋሮውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከነባሩ መሠረት ጎን ለጎን፣ ከእሱ ጥልቀት በታች፣ የግድግዳውን ርዝመት በሙሉ በአንድ ጊዜ መቆፈር የቆመውን ቤት ሥር መንሣት ነው። ወደ ታች መውረድ ግድ ከሆነ በአጭር በአጭር ክፍል እየተቆፈረ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይቀጥላል። ሠራተኞች ይህን የማይወዱት ሥራው ስለሚጓተት ነው። እርስዎ ግን አይለዘቡ።

ሁለተኛው መጋጠሚያ ጣሪያው ነው። አዲሱ ጣሪያ ከነባሩ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያለው የቆርቆሮ መሸፈኛ በግድግዳው ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ገብቶ መታሸግ አለበት። ግድግዳው ላይ በሚስማር ተመትቶ በሲሚንቶ ብቻ ከተለጠፈ ሲሚንቶው በፀሐይና በቅዝቃዜ ብዛት ይለቃል፤ ውሃውም ከጀርባው ይወርዳል። ውልዎ ላይ ስለ ጣሪያ ሲጻፍ ይህ መስመር ተለይቶ ይጠቀስ።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ ግማሹን በቅድሚያ አይክፈሉ። ግማሽ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው እያልሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን በእርስዎ ገንዘብ የሌላ ሰው ያላለቀ ሥራ ይጨረስበታል፤ የእርስዎም ሥራ ቀጣዩ ደንበኛ እስኪከፍል ይቆማል። ቅድመ ክፍያው ለመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቃ መግዣ የሚበቃ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው በዓይን ከሚታይ ሥራ ጋር ይታሰር፦ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ጣሪያ ሲደርስ፣ ጣሪያው ሲከደን፣ ልስኑ ሲያበቃ። ክፍያው ሁልጊዜ ከሥራው ትንሽ ወደ ኋላ ይቅር እንጂ አይቅደም። ከጠቅላላው ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ጉድለቶች እስኪታረሙ በመያዣነት በእጅዎ ይቆይ፤ ቢቻል አንድ ከባድ ዝናብ በአዲሱ ጣሪያ ላይ እስኪያልፍ። ተቋራጩ ለዕቃ መግዣ ገንዘብ የለኝም ካለ ዝርዝሩን ተቀብለው ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፤ ለእሱ የእጅ ዋጋውን ብቻ ይክፈሉት። ይህም ቢሆን ዕዳ አለው፤ አሸዋው ዘግይቶ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ቢውል ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ውሉ ላይ «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን ሐረግ ካዩ ይሰርዙት። እንዲህ ያለ ቃል ማንንም አያስገድድም። የብሎኬቱ ውፍረት፣ የብረቱ ቁጥር፣ የበሩና የመስኮቱ ልክ፣ የወለሉ ዓይነት፣ ፍርስራሹን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ይጻፍ። የፍርስራሹ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን በመጨረሻ ከተቋራጬ ጋር የተከራከርሁት በዚያ ክምር ነው። ከዋጋው ውጭ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጠው ይጀምሩ፤ አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ከውስጡ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዋጋ የሚያንረው «እዚህ ጋ መስኮቱን ትንሽ ሰፋ ብናደርገውስ?» የሚለው የእኛው ጥያቄ ነው። ለግንበኛው ሲናገሩት ይስማማል፤ ፎርማኑ አልሰማም፤ ብረት ሠራተኛው በቀድሞው ልክ ሠርቶ ይመጣል። ትእዛዝ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለፎርማኑ ይሰጥ። አንድ ደብተር ይኑርዎት፤ ለውጡ፣ የሚጨምረው ዋጋና የሚጨምረው ቀን ይጻፍበት፤ ሁለታችሁም ሳትፈርሙ ሥራው አይጀመር። መጀመሪያ ላይ ፎርማኑ በዚህ ደብተር ይስቅብኝ ነበር። በኋላ ላይ ባለቤቴ የሰጠችውን ትእዛዝ እኔ ስክድበት ደብተሩን ገልጦ ያሳየኝ ራሱ ነው።

በየቀኑ መገኘት ካልቻሉ መሠረቱ በሚቀየስበት ቀንና አርማታ በሚሞላበት ቀን አይቅሩ። ሲቀየስ ማዕዘኑን ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ፦ ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንዱ ክር ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። አርማታ ሲሞላ ደግሞ ዓይንዎ ከውሃው አይለይ። ድብልቁ ጠንከር ሲል ለመግፋትና ለማስተካከል ያስቸግራል፤ ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ባልዲ አንሥቶ ቸለስ ያደርግበታል። ድብልቁ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። የተጨመረው ውሃ ግን ኋላ ተንኖ ሲወጣ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አርማታው ይደክማል። ባልዲውን ሲያዩ በሠራተኛው ላይ አይጩሁ፤ ፎርማኑን ጠርተው የውሃው ልክ ስንት እንደሆነ በሰው ፊት ይጠይቁት፤ ይበቃል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ ተጠብቆ ውሃ ይጠጣ። መሐንዲሶች የአርማታን ጥንካሬ የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነውና አርማታውን ከሥር የያዘውን ድጋፍ ቶሎ ለመንቀል የሚቸኩልን ሰው አይስሙ፤ መቼ እንደሚነቀል መሐንዲሱ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

ልስን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትሩን ዘርግተው ፎቶግራፍ ያንሡ። ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንዳለፈ ከዚያ በኋላ የሚነግርዎ የለም፤ መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ሲበሱ ፎቶግራፉ ይፈለጋል።

ቤት ውስጥ መኖሩን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ሁሉም የሚወሰነው ግን ወደ አዲሱ ክፍል ለመግባት ነባሩ ግድግዳ በሚፈርስበት ቀን ነው። ሠራተኞች መተላለፊያ እንዲሆናቸው ቀድመው ማፍረስ ይወዳሉ፤ እርስዎ እሺ አይበሉ። አዲሱ ክፍል ጣሪያው ተከድኖ፣ በሩና መስኮቱ ተገጥሞ፣ ልስኑ ካለቀ በኋላ ይፍረስ። ያን ያህል ጊዜ ቤተሰብዎ ከአቧራውና ከጩኸቱ በግድግዳ ተለይቶ ይኖራል። ግድግዳው ጣሪያ ወይም ፎቅ የተሸከመ ከሆነ ከመነካቱ በፊት ድጋፍ ይቁምለት፤ ከመክፈቻው በላይ የሚገባውን ቢም (ሸክም የሚይዝ አግዳሚ) መጠንና በሁለቱ ጫፍ የሚያርፍበትን ርዝመትም መሐንዲሱ ይስጥ። በሚፈርስበት ሳምንት ልጆቹን ዘመድ ቤት ይላኳቸው፤ ከመክፈቻው ወዲህ ወፍራም ፕላስቲክ ከጣሪያ እስከ ወለል አስወጥረው ዙሪያውን ያስለጥፉ፤ የምግብ ዕቃውንም ከሩቁ ክፍል ያስገቡ። ለሠራተኞቹ የሚሆን መጸዳጃና ውሃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውጭ በኩል ይዘጋጅላቸው፤ ካልሆነ በየሰዓቱ በሳሎንዎ ያልፋሉ።