አዲሱን ልጠብቅ ወይስ የያዝኩትን ላስፋፋ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ስትራቴጂ ጨዋታዎች ናቸው። አንዳንዱ አዲስ የሚወጣውን ይጠብቃል፤ ሌላው በያዘው ጨዋታ ላይ በገንዘብ የሚጨመረውን ክፍል ልግዛ አልግዛ ብሎ ተቸግሯል። ይህን ጭማሪ ተጫዋቾች ኤክስፓንሽን ወይም ዲኤልሲ ይሉታል፤ እኔ እዚህ ማስፋፊያ እለዋለሁ። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ውስጥም ይኸው ጥያቄ ሳይነሳ የሚመሽበት ቀን የለም። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። አንድ አገር ይዘው በታሪክ ዘመን የሚመሩበትን ጨዋታ፣ አራተኛውን ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ፣ ለሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ፤ ያለኝ ግን ያለ ማስፋፊያ ነው። አምስተኛው እስኪወጣ ቀን ስቆጥር ነበር። ዱባይ የምትኖረው አክስቴ አንድ ነገር ልትገዛልኝ ቃል ገብታለች። አዲሱን ልበላት ወይስ የአሮጌውን ማስፋፊያዎች? ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው። (ቀን ቆጣሪው፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላፕቶፑ ልጀምር፤ ጥያቄህን በግማሽ እሱ ይመልሰዋልና። አምስተኛው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ የዓለምን እያንዳንዱን አካባቢ ከነሕዝቡና ከነገበያው የሚያሰላ ከባድ ጨዋታ ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም አይበቃውም። ላፕቶፕህን ለባለሙያ አሳየው። ራም የሚጨመርበት ቦታ ካለው የአክስትህን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ላይ አውለው።

ቀን ስትቆጥር የከረምክበትን ጊዜ ግን እንደ ባከነ አትቁጠረው። ጨዋታውን የሚያወጣው የስዊድኑ ኩባንያ ፓራዶክስ የጨዋታውን ስም ሳይገልጥ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በየረቡዑ ስለ አሠራሩ ረጅም ጽሑፍ ያወጣ ነበር። ስሙ የተነገረው በሜይ 2025 ነው፤ ለገበያ የቀረበው ኖቬምበር 4 ቀን 2025። እኔም ረቡዕ ማታ ሱቄን ዘግቼ እነዚያን ጽሑፎች ሳነብ ከረምኩ። የአፍሪካ ቀንድን ካርታ አውጥተው «ስህተት ያገኛችሁ አርሙን» ብለው ተጫዋቾችን የጠየቁበት ሳምንት እስከ አሁን አይረሳኝም፤ የአካባቢዎቹን ስም አንድ በአንድ እየተከተልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጫለሁ። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ሳንቲም ነው። ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ትልቅ ትምህርት አለው። አራተኛው በ1444 ይጀምራል፤ ያ በእኛ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። አምስተኛው ወደ 1337 ሲወርድ አፄ ዓምደ ጽዮን ዙፋን ላይ ናቸው። መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ ጨዋታውን ምን ያህል እንደሚለውጠው ከእኔ ይልቅ ለአንተ ግልጽ ይሆናል።

አሁን ወደ ማስፋፊያው ልምጣ። እኔ የማስፋፊያን ዋጋ የተማርኩት ከተማችን አዋሳ ትባል በነበረበት ጊዜ፣ ስድስት ኮምፒውተሮች በገመድ በተያያዙበት የጨዋታ ቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በሰዓት እየከፈልን እንጫወት ነበር። ጨዋታው የወጣው በ1999 ነው። በዚያ ጨዋታ ገበሬው ማሳውን አርሶ እህሉ ሲያልቅ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። በ60 እንጨት ማሳውን እንደገና ካላሠራኸው እንደ ቆመ ይቀራል። ጦርነት መሀል ገብተህ ወደ ከተማህ ዞር ስትል አሥራ አምስት ገበሬ በአሥራ አምስት ደረቅ ማሳ አጠገብ ተገትሮ ታገኛለህ፤ የሚበላ የለም፤ ወታደር ማሰልጠን አትችልም። በዚህ ምክንያት የተሸነፍኩባቸውን ጨዋታዎች ቁጥር አላውቀውም። በ2000 የወጣው ዘ ኮንከረርስ የተባለው ማስፋፊያ እጃችን ሲገባ ወፍጮ ቤቱ ላይ አዲስ ነገር አየን፤ የማሳ ክፍያውን አስቀድመህ ወረፋ ታሲዛለህ፣ አንዱ ማሳ ሲያልቅ ገበሬው ራሱ መልሶ ይዘራዋል። ያን ቀን ጨዋታ ቤቱ በሆታ ተናወጠ። ለአዲስ ተጫዋች ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። እኛ ግን ድካሙን እናውቀው ስለነበር ብቻውን የማስፋፊያው ዋጋ ነበር።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ በሁለት ዓመት ጨዋታህ ምን ጎደለህ? ኢትዮጵያን ይዘህ ስትጫወት አገሪቱ እንደ ማንኛውም አገር ሆና ከታየችህ፣ በ2021 የወጣው ኦሪጂንስ የተሠራው ለዚህ ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የየራሳቸውን ተልዕኮ ሰጥቷቸዋል። ምን እንደ ጎደለህ መናገር ካቃተህ ደግሞ ለጊዜው ምንም አትግዛ። የዚህ ጨዋታ ማስፋፊያዎች በጣም ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ልግዛ ያለ ሰው ለአዲስ ጨዋታ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ያወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። በፓራዶክስ ጨዋታዎች በርካታ ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ጨዋታውን የከፈተው ሰው ያሉት ማስፋፊያዎች ለሁሉም ይሠራሉ። አንተና ሦስት የመኝታ ክፍል ጓደኞችህ እንደ ዕቁብ አዋጥታችሁ በአንዳችሁ ስም አንድ ማስፋፊያ ብትገዙ፣ እሱ በከፈተው ጨዋታ አራታችሁም ትጠቀማላችሁ። አክስትህ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር በኩል ስጦታ ከመግዛቷ በፊት ግን ወደ ኢትዮጵያ መላክ መቻሏን ታረጋግጥ፤ የሁለቱ አገሮች ዋጋ በጣም ሲራራቅ ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ከተማና አገር የሚገነባበትን ጨዋታ፣ ስድስተኛውን ሲቪላይዜሽን፣ ገዛሁለት። አሁን ደግሞ «ተጨማሪው ካልተገዛ ሙሉ አይሆንም» እያለ ይለምነኛል። ቤት ሸጦ በሩን ለብቻው እንደ መሸጥ ሆነብኝ። የዶላሩን ምንዛሬ ደግሞ ታውቀዋለህ። ልከልክለው? (አባት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የበሩ ምሳሌዎ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲቲስ ስካይላይንስ ሁለት የተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ በ2023 መጨረሻ ሲወጣ ኃይለኛ ኮምፒውተሮች ላይ እንኳ ይንቀረፈፍ ነበር። ችግሩ ሳይስተካከል በማርች 2024 የባሕር ዳርቻ ቤቶችን የያዘ ጭማሪ በክፍያ አቀረቡ። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን መለሰ፣ ጭማሪውም ነፃ ሆነ። ሰባተኛው ሲቪላይዜሽንም በፌብሩዋሪ 2025 በወጣ በወሩ እንግሊዝን በተጨማሪ ክፍያ አመጣት። ያን ያህል ታሪክ ያላት አገር ከመጀመሪያው ብትኖር ይሻል ነበር፤ እኔም ቅር ብሎኛል።

የልጅዎ ጥያቄ ግን የተለየ ነው። ስድስተኛው በ2016 ሲወጣ ሙሉ ቤት ነበር፤ ያለ ማስፋፊያ መቶ ሰዓት የሚጫወቱት አሉ። በ2019 የመጣው ጋዘሪንግ ስቶርም የሠራው አዲስ ክፍል ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ድርቅ ይመጣል፣ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፣ ፋብሪካ ሲበዛ የባሕሩ ወለል ከፍ ይላል። ከዚህ በፊት ልጅዎ ከተማውን ወንዝ ዳር ሲመሠርት ጥቅሙን ብቻ ያሰላ ነበር። በማስፋፊያው ውኃው እርሻውን ያጠፋበታል፤ ሲጎድል ደግሞ አፈሩን ለም አድርጎለት ይሄዳል። ታዲያ ልሽሽ ወይስ ልቆይና ግድብ ልሥራ? የሐይቁ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል እያየ ላደገ የሐዋሳ ልጅ ይህ ባዶ ጨዋታ አይደለም።

የምመክርዎት ይህ ነው። ከእራት በኋላ አስቀምጡትና «ይህ ጭማሪ ከገባ በኋላ ምን የተለየ ነገር ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። አዳዲስ ንጉሦችና አዳዲስ ሥዕሎች ብቻ ከቆጠረልዎ ይቆይ ይበሉት። ስለ ወንዙና ስለ ግድቡ ከነገረዎት ግን ጨዋታውን በደንብ አውቆታል፣ የጎደለውንም ያውቃል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን በሙሉ ዋጋ አይግዙለት። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እያንዳንዷ ዶላር ታሳስባለች፤ የቆዩ ጨዋታዎች ማስፋፊያ ደግሞ በዓመት ብዙ ጊዜ በከፍተኛ ቅናሽ ይሸጣል። ልጁ ሁለት ሦስት ወር ይታገሥ።

ጥያቄ፦ አዲስ ጨዋታ ሳይወጣ አስቀድሞ መክፈል ጥቅም አለው? (ከመናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ የለውም። እኔ ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራውን ጨዋታ አስቀድሜ ከፍዬ፣ ለሁለት ወር ሲዘጋብኝና ያስቀመጥኩትን ሲያጠፋብኝ ኖሬያለሁ። ድጋሚ አላደርገውም። ጨዋታ በኢንተርኔት ሲሸጥ እንደ ዕቃ አያልቅም፤ ምን ያስቸኩላል? ከፍለው ከነበረ ግን በስቲም ላይ ጨዋታው ሳይወጣ በማንኛውም ጊዜ ገንዘብዎን ማስመለስ ይችላሉ። ከወጣ በኋላ 14 ቀን አለዎት፤ የተጫወቱት ግን ከ2 ሰዓት ማነስ አለበት። ሁለቱን ሰዓት በልምምድ አይጨርሱት፤ ቀጥታ ዋናውን ጨዋታ ይክፈቱና ኮምፒውተርዎ ይችለው እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ ወንድም ጋሼ፣ ኢትዮጵያን ይዤ መጫወት እፈልጋለሁ። በየትኛው ጨዋታ፣ በየትኛው ማስፋፊያ አገኛታለሁ? (ከአሞራ ገደል ሠፈር)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አገራችን ወደነዚህ ጨዋታዎች የገባችው በአብዛኛው በማስፋፊያ በር ነው። በአራተኛው ሲቪላይዜሽን በ2007 በወጣው ቢዮንድ ዘ ሶርድ አፄ ዘርዐ ያዕቆብን ይዛ መጣች። በአምስተኛው ደግሞ በ2012 በጎድስ ኤንድ ኪንግስ አፄ ኃይለ ሥላሴን ታገኚያለሽ። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሠራዊቷ ውስጥ መሀል ሰፋሪ አለ፤ ወደ ዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል፤ ስሙም ሥራውም የተገናኘ ነው። «የአድዋ መንፈስ» የተባለው ችሎታዋ ደግሞ ከእሷ የበለጡ ከተሞች ካሉት አገር ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ብርታት ይጨምርላታል። በ1888 ዓ.ም. የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ማየት ልብ ይሞላል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሱቄ የነበሩትን ደንበኞች ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ።

በስድስተኛው በ2020 አፄ ምኒልክና ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ገቡ። በሰባተኛው ግን ማስፋፊያ አያስፈልግሽም፤ አክሱም ከመጀመሪያው አለች፣ ልዩ ግንባታዋም ስሙ ሐውልት ነው።

ለመጀመር ግን ሁለተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ በ2019 እንደገና የተሠራውን እመርጥልሻለሁ። ዋጋው ቀላል ነው፤ በ2015 ለብቻው የተሸጠው ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ የተባለው ማስፋፊያ ውስጡ ተካቷል። ኢትዮጵያ ቀስተኞቿ ፈጣኖች ናቸው፤ ወደ አዲስ ዘመን በተሸጋገርሽ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ በነፃ ታገኛለች። ሾተል የያዙት ወታደሮቿ በጣም ቶሎ ይሰለጥናሉ፣ ሲመቱም ከባድ ናቸው፤ የጠላትን ቀስት ግን አይቋቋሙም። ስለዚህ ብቻቸውን ሜዳ ላይ አትልቀቂያቸው፤ ከፊት ጋሻ የሚሆን ጦር አስቀድሚላቸው። የዮዲትን ዘመቻ ከከፈትሽ ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ አትቸኩዪ፤ ተሳዳጅ ሆነሽ ነው የምትነሺው።