መልስ፦ ሰርኪዩት ቦርድን ከተርሚናል ብቻ መሥራት ይቻላል?

ወዳጄ፣ «ማውስ ሳልነካ፣ ትዕዛዝ እየጻፍኩ፣ ቦርዱን ቀርጬ የመዳብ መስመሩንም ከተርሚናል ብቻ መዘርጋት እችላለሁ ወይ?» ብለሃል። ግማሹን አዎ፣ ግማሹን ግን አልመክርህም።

ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ መደርደር የዓይን ሥራ ነው። ኪካድን፣ ማለትም ነፃውን የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም፣ በፓይተን ቋንቋ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱን ካፓሲተር በቁጥር ማስቀመጥ ራስ ያዞራል። የሚያዋጣው አንድ ነገር ሲደጋገም ነው። ለምሳሌ 60 ኤልኢዲ በክብ መደርደር ካለብህ ስክሪፕት ጻፍ፣ ትገላገላለህ።

መስመር ለመዘርጋት ፍሪራውቲንግ የሚባል ፕሮግራም አለልህ። በጃቫ የተጻፈ ነው፣ ከተርሚናልም ይነሳል። ከኪካድ የወጣውን፣ የዕቃዎቹን አቀማመጥና ግንኙነት የያዘውን የዲኤስኤን ፋይል ትሰጠዋለህ፤ መንገዱን ፈልጎ የተዘረጋውን መስመር የያዘ የኤስኢኤስ ፋይል ይመልስልሃል። እሱን መልሰህ ኪካድ ውስጥ ታስገባለህ። ብቻ ሁሉንም አትተውለት። የኃይሉን፣ የግራውንዱንና የክሪስታሉን መስመር በእጅህ ጨርስ። አለዚያ ሁለት ሚሊሜትር የሚበቃውን መስመር ቦርዱን አዙሮ ሊያመጣልህ ይችላል።

ተርሚናል የሚጣፍጠው መጨረሻው ላይ ነው። ኪካድ ከ7ኛው እትም ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2023) የራሱ የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ አለው። ገርበሩ (ፋብሪካው ቦርዱን የሚሠራበት ፋይል)፣ የመብሻ ፋይሉ፣ ፒዲኤፉ በአንድ ስክሪፕት ይወጣል። በ8ኛው እትም ደግሞ የዲአርሲ ፍተሻ፣ ማለትም ቦርዱ የንድፍ ደንቦቹን መጠበቁን ማረጋገጫ፣ ተጨመረበት። ስህተት ሲያገኝ ዜሮ ያልሆነ ኮድ እንዲመልስ ማዘዝ ትችላለህ። የፋይል ለውጦችን ከሚመዘግበው ከጊት ጋር ካያያዝከው ፍተሻውን ያላለፈ ቦርድ እዚያው ይቆማል።

ገርበሩን ግን ለፋብሪካ ከመላክህ በፊት የገርበር ማያ በሆነው በገርብቪ ከፍተህ እየው። እዚህ ጋ ማውሱን መንካትህ አይቀርም፣ ይቅርታ።