አስቤዛ አከማችቶ መግዛት ያዋጣል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ሁለት ልጆች አሉን፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ደሞዛችን ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፣ ሰው ሁሉ ቅናሽ ሲኖር ገዝታችሁ አስቀምጡ ይለናል፣ እውነት ያዋጣል ወይ?" ነው ያልሽው። ያዋጣል። እኛ እንዲህ መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል፤ ኑሯችን ደግሞ ከእናንተ ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ ይሠራልሻል።

ግን የሱፐርማርኬት የበዓል ቅናሽ ስትጠብቂ እንዳትውዪ። እዚያ ፓስታና ሳሙና ላይ ጥቂት ብር ታተርፊያለሽ፣ እሱም የማብቂያ ቀኑን አገላብጠሽ ካየሽ ነው፤ ቀኑ ሊያልፍ የደረሰውን ነው ብዙ ጊዜ ቅናሽ ብለው የሚለጥፉበት። የእኛ ብር የሚያልቀው ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርትና ዘይት ላይ ነው። እነዚህ የሚረክሱት በአዝመራና በጾም ነው። በተራ ልንገርሽ።

1. ጤፍ በጥርና በየካቲት ግዢ። ኅዳርና ታኅሳስ ታጭዶ ይወቃል፣ ጥር ላይ ከምንጃር፣ ከአዳ፣ ከበቾ፣ ከጎጃም አዲሱ ምርት በብዛት ይገባል። ገበሬውም ዕዳ አለበት፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ብር ይፈልጋል፣ ስለዚህ እህሉን ያወጣል። ክረምት ላይ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጎተራው ይጎድላል፣ ዋጋው ይሰቀላል። የብሩን ልክ አልጽፍልሽም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል። እኛ ቤት ግን ልዩነቱ መስከረም ላይ ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው፣ በደንብ ስሚኝ። ጥር ላይ ሁለት ኩንታል ይገዛና ወዲያው አፉን ፈትቶ መብላት ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ያልቅበታል። ከዚያ ውድ በሆነበት ወር በኪሎ ይገዛል፣ ማከማቸት አያዋጣም ብሎም ያወራል። አንቺ ከጥር እስከ ግንቦት በኪሎ እየገዛሽ ብይ፣ ያኔ ዋጋው ገና አልወጣም። ሁለቱን ኩንታል አፉን አስረሽ ለክረምት አቆዪው። አራት ሰው ናችሁ፣ በወር 25 ኪሎ ቢሄድ ከሰኔ ብትጀምሪ እስከ ጥር ያደርስሻል፣ ያኔ አዲሱ ይገባል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አታስቀምጪ፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም የእንጨት ርብራብ አድርጊ፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቂው። እንፋሎት ያለበት ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም።

2. ብሩን ከወዲሁ አዘጋጂ። ጥር ላይ ጤፍ ረከሰ ቢሉሽ ኪስሽ ባዶ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እኔ የምጥለው እቁብ አለ፣ ሰብሳቢዋን አስቀድሜ አናግሬ የጥር ወሩን እጣ ነው የምወስደው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ለመስከረም ወይም ለፋሲካ ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ ማንም አይሻማኝም። ባለቤቴ መጀመሪያ "ይህን ሁሉ ብር እህል ላይ ታፈሺዋለሽ?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። በነሐሴ የጎረቤቶቻችንን ወጪ ካየ በኋላ ራሱ ነው "እቁቡ መቼ ነው?" እያለ የሚጠይቀኝ። መሥሪያ ቤታችሁ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለውም እሱ ይሻላል። ከአራጣ አበዳሪ ግን አንድ ብር እንዳትወስጂ፣ ወለዱ ያተረፍሽውን ሁሉ ይበላዋል።

3. ሳትቀምሺ ኩንታል አትግዢ። ትልቁ የእህል ገበያም ሂጂ ሰፈርሽ ያለው ነጋዴ ጋ፣ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ገዝተሽ አስፈጭተሽ ጋግሪ። ዓይኑ ጥሩ ከሆነና እንጀራው በማግስቱ ካልደረቀ ተመልሰሽ ያንኑ ግዢ። ማዳበሪያው ላይኛው በኩል ማኛ፣ ከታች ሰርገኛ ሞልተው የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ ናሙናው ከመሃልና ከታች እንዲወጣልሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካለ ጥለሽው ሂጂ። እጅሽን አስገብተሽ ጨብጪው፣ ደረቅ ጤፍ በጣትሽ መሃል ይፈሳል፣ ውሃ የነካው ይጣበቃል። አውድማ ላይ ስለሚወቃ አፈርና አሸዋ አይጠፋውም፣ የተነፋውን ግዢ ወይም የሚነፋልሽን ሰው ሒሳብ ውስጥ አስገቢ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ማንም ስለማይነግርሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ጤፉን በርካሽ ገዝተሽ ቤትሽ እስኪገባ ያለው መንገድ ነው ትርፍሽን የሚበላው። እኔ አንድ ዓመት ሁለት ኩንታል በትንሽ የጭነት መኪና አስጭኜ መጣሁ። የግቢያችን በር ላይ ጫኝና አውራጅ ነን የሚሉ ወጣቶች ከበቡን። ባለቤቴና ወንድሜ አብረውኝ ነበሩ፣ "ራሳችን እንሸከማለን፣ እናመሰግናለን" አልናቸው። "አይቻልም፣ እዚህ የሚወርደውን የምናወርደው እኛ ነን" አሉን። የጠየቁት ብር በኩንታል ገዝቼ ካተረፍኩት ይበልጥ ነበር! ራሳችሁ ብታወርዱም ትከፍላላችሁ አሉን። ሹፌሩ ቶሎ በሉ እያለ ይጮኻል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጤፉ ክፍት መኪና ላይ ነው። ከፈልን። እስከ ዛሬ ስናገረው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ማመልከቻ አስገቢ" አለችኝ። ጻፍኩ። "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።" ተመልሼ ሄድኩ። "ይህ የኛ ክፍል አይደለም፣ ጸጥታ ጋ ሂጂ።" ጸጥታ ጋ ያለው ሰውዬ ደግሞ "እናንተ ጤፍ በኩንታል የምትገዙ ሰዎች ለሥራ አጥ ወጣት ትንሽ ብትሰጡ ምን አለበት?" አለኝ። እኔ እኮ ለወጣት ሥራ መፍጠርን አልጠላም፣ ያለ ፈቃዴ ተነጥቄ ግን ለምን እከፍላለሁ? ደሞዝተኛ ነኝ፣ ጤፉን የገዛሁት ለአንድ ዓመት በጣልኩት እቁብ ነው። ይህን ፊት ለፊት ነገርኩት። መልስ አልነበረውም፣ መፍትሔም አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ መፍትሔውን ራሴ ነው ያገኘሁት። ነጋዴው ጋ ኩንታሉን በ25 ኪሎ አስከፋፍለዋለሁ፣ ለባዶ ማዳበሪያው ጥቂት ብር ነው የምጨምረው። ከዚያ በተለያየ ቀን፣ በላዳ ወይም በወንድሜ መኪና ዕቃ መጫኛ አመጣዋለሁ። 25 ኪሎ ከበር ላይ ማንም አያስቆምሽም፣ ባለቤትሽ ትከሻው ላይ አድርጎ አራተኛ ፎቅም ቢሆን ያወጣዋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ የወር ድርሻሽ ተለክቶ ይቀመጣል። ቤት ውስጥ እህል ሲበዛ እጅ ይፈታል፣ ሊጡ ይበዛል፣ እንጀራ ይተርፋል፣ ይሻግታል። እኔ እያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ በማርከር ሰኔ፣ ሐምሌ ብዬ እጽፋለሁ። የሐምሌው ከሐምሌ በፊት አይፈታም፣ ሠራተኛዬም ታውቃለች፣ አማቴም ታውቃለች። በአንድ ጊዜ ማምጣት የግድ ከሆነብሽ ደግሞ መኪናው ግቢ ሳይደርስ ቀድመሽ ሂጂና ዋጋውን ተነጋግረሽ ጨርሺ። ጤፉ መኪና ላይ እያለ መከራከር አትችዪም።

ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው። ከመግባቱ በፊት አስመዝኚ፣ ሲወጣ አስመዝኚ፣ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትሂጂ። አንድ ወፍጮ ቤት ዱቄቴ ኪሎዎች ጎድሎ ወጣ፣ ብጠይቀው "ወፍጮ ይበላል" አለኝ። ትንሽ ብናኝ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ ይህን ያህል ግን አይበላም። መውጫው ላይ ያለውን ጨርቅ አራግፍልኝ አልኩት። ሴትዮ አትጨቅጭቂኝ አለኝ፣ ሰው ፊት። አልተንቀሳቀስኩም። ተራ የሚጠብቁት እናቶች "አራግፍላት እንጂ!" ሲሉት አራገፈው፣ የኔ ዱቄት ነበር የወረደው፣ ነጭ፣ ገና ትኩስ። ካንቺ በፊት በቆሎ ወይም ገብስ እየተፈጨ ከሆነም አትስጪ፣ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው እስኪመጣ ጠብቂና ከሱ ቀጥለሽ ግቢ።

በርበሬ ዛላውን በኅዳርና በታኅሳስ ግዢ፣ የማረቆና የሃላባው ያኔ ነው በብዛት የሚገባው። በፈረሱላ ይሻልሻል፣ 17 ኪሎ ነው፣ ለሁለት ቤት ተካፈሉት። ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የሚረጩበት ስላሉ አንዱን ዛላ አንስተሽ አራግፊው፣ ፍሬው ውስጡ ካልተንኮሻኮሸ እርጥብ ነው። መቀንጠሱ፣ መደለዙ፣ ማስጣቱ ድካም አለው፣ አልዋሽሽም፤ ግን ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣችሁ ትጨርሱታላችሁ። የተፈጨ በርበሬ ከማታውቂው ሰው እንዳትገዢ! ሸክላ ፈጭተው ቀላቅለው ሲሸጡ የተያዙ ሰዎችን በዜና አይተናል፣ ልጆችሽ ናቸው የሚበሉት።

ለሽሮ ሽምብራውን በየካቲት ግዢ። እሱን ግን ነቀዝ ይበላዋል፣ እንደ ጤፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቶሎ ቆልተሽ ከክተሽ ቅመሙን አዘጋጂና አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጪው፣ ከዚያ የሁለት የሁለት ወሩን ብቻ አስፈጪ። ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ሽሮ በአንዴ ካስፈጨሽ መዓዛው ይጠፋል።

ቅቤ በሁዳዴ። በ55ቱ ቀን ገዢው ይቀንሳል፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም፣ ስለዚህ ጾሙ መሃል ላይ ዋጋው ረገብ ይላል። ሆሳዕና ሲቃረብ ለዶሮ ወጡ ሁሉም ይሻማል፣ ያኔ ብትሄጂ አታገኚውም። ገዝተሽ ወዲያው በኮረሪማው፣ በኮሰረቱ፣ በአብሹ አንጥሪው፣ የተነጠረ ቅቤ ያለ ፍሪጅ ወራት ይቆያል። ሙዝና የአትክልት ቅባት የሚቀላቅሉበት ስላለ እዚያው ትንሽ አስቀልጠሽ እዪ፣ ነጋዴው ካላስቀለጠልሽ ሌላ ሰው ጋ ሂጂ። ሥጋ ግን በብዛት ገዝተሽ ፍሪጅ ውስጥ አትሙዪ። መብራት ሲጠፋ የሚያድንሽ የለም።

ሽንኩርት ከጥር እስከ መጋቢት ይረክሳል፣ የመስኖው ስለሚደርስ። አትክልት ተራ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለብዙ ሰፈር ራቀ፣ ስለዚህ ለትንሽ ኪሎ አትሂጂ፣ ከጎረቤት ጋር ሆነሽ በማዳበሪያ አምጡት። ካልሆነም የእሁድ ገበያው ይሻላል፣ በጠዋት ከሄድሽ። የደረቀውን፣ አንገቱ የከሰመውን ምረጪ፣ በረንዳ ላይ በትኚው፣ ፌስታል ውስጥ አትተዪው፣ ከድንች ጋርም አታስቀምጪው። ከወር ከወር ተኩል በላይ የሚሆን ግን አትግዢ።

ዘይት በሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነፍስ አልሰጠንም። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ሲመጣ ተሰልፈሽም ቢሆን ግዢ። እኛ ሰፈር ያለው ሱቅ ዘይቱን ለመሸጥ የማይሸጥ ሳሙናና ደረቅ መኮሮኒ አብራችሁ ውሰዱ ይለን ነበር። አንድ ቀን ተሰልፈን የነበርነው ሴቶች በሙሉ አንወስድም ብለን ቆምን፣ ዘይቱን ብቻ ሰጡን። ብቻሽን ብትናገሪ አይሰሙሽም፣ ከፊትና ከኋላሽ ያሉትን አስቀድመሽ አስማሚ።

አሁን የት ሰፈር እንደሆንሽ አልጻፍሽም። ንገሪኝና ጤፍ የምገዛበትን ነጋዴ ስልክ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ እኔ ነኝ የላክሁሽ ብትይው ናሙናውን ከታች ያወጣልሻል። እቁብ ከሌለሽ በዚህ ወር ግቢ፣ ከመግባትሽ በፊት ግን የጥር ወሩ እጣ ያልተያዘ መሆኑን ጠይቂ።